ወረቀቱ ነው ያለቀው

አንዲት መምህርት ጠመኔ ይዛ ሰሌዳ ፊት ቆማለች። አምስተኛ ክፍል ነው። ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብላ ባለች ሞቃት ከተማ፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ በሆነ ክፍል ውስጥ። ገና ከረፋዱ ልጆቹ በደብተራቸው ያራግባሉ። የዕለቱ ትምህርት መስመርና ማዕዘን ነው። መምህርቷ ጥቁር ለብሳለች።

ምእመናን፣ ጥቁሩን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ አንዲት ነጥብ አደረገች። ከነጥቧ ተነስታ ወደ ቀኝ አንድ መስመር አወጣች። ከዚያችው ነጥብ ተነስታ ደግሞ ወደ ላይ ሌላ መስመር አወጣች። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው መከፈት ማዕዘን ይባላል አለቻቸው። ከመካከላችሁ ከትምህርት ቤት ከወጣችሁ ብዙ ዘመን የሆናችሁ አላችሁና ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ። በር ስትከፍቱ በበሩና በመቃኑ መካከል የሚሰፋ ነገር አለ አይደለም? ማዕዘን እሱ ነው። በሩን ገርበብ ስታደርጉት ትንሽ ነው፤ ወለል አድርጋችሁ ስትከፍቱት ትልቅ ነው። በቃ፣ ጂኦሜትሪ ተማራችሁ። ዛሬ ቤት ስትገቡ ልጆቻችሁን ማስጠናት ትችላላችሁ።

ከዚያ መምህርቷ ሁለት ማዕዘኖች ሣለች። የአንደኛው ክንዶች አጫጭር ናቸው፣ ስንዝር አይሞሉም፤ ግን በደንብ ተከፍቷል። የሌላው ክንዶች ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዘውታል፤ መከፈቱ ግን ጠባብ ነው። ወደ ልጆቹ ዞረች።

«የትኛው ማዕዘን ይበልጣል?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ረጅሙ» አለ።

አትሳቁ። እናንተም ብትሆኑ ያንኑ ነበር የምትሉት። ልጆች በየዓመቱ ይህንኑ ይላሉ፤ ሂሳብ ያስተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዐይን ርዝመት ይወዳል። ብዙ ቦታ የያዘውን ትልቅ ይለዋል፣ ትንሽ ቦታ የያዘውን ትንሽ ይለዋል። ዐይናችን እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ካልተማረ በስተቀር አይታረምም።

መምህርቷም በየዓመቱ የምትለውን አለች። «ማዕዘን በክንዱ ርዝመት አይለካም። የሚለካው በመከፈቱ ነው።» ይህን ስትል ልቧ እዚያ አልነበረም። ሰው የቤት ቁጥሩን ተጠይቆ እንደሚናገር ተናገረችው፣ ሰሌዳውን አጠፋችና «በሉ፣ በየደብተራችሁ አንዳንድ ማዕዘን ሣሉና በፕሮትራክተር ለኩ» ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

አሁን ወደ ጥቁሩ ልብስ ልመለስ።

ይህች ሴት አንዲት ልጅ ነበረቻት። አዜብ ትባላለች። ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ልጅቷ መዋዕለ ሕፃናት ነበረች፣ የፊት ጥርሷ ገና መውለቁ ነበር። በዚያ ክረምት ትኩሳት ያዛት፣ ሐኪም ቤት ገባች፣ አልወጣችም። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ቀሪውን ከእኔ አሳምራችሁ የምታውቁት አላችሁ።

እድሩ መጣ፣ ድንኳን ተከለ፣ ሕፃኗ ተቀበረች። በማግስቱ ጠዋት የእድሩ ዳኛ አቶ ዘውገ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ።

«እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ» አሉ። «ድንኳኑን ልናነሳው ነው። ደንባችንን ታውቂዋለሽ። ለአዋቂ ከሆነ ሰልስት እስኪወጣ ይቆማል፤ ለሕፃን ግን አድሮ ነው የሚነሳው። አንቺም እንባ አታብዢ። ገና ልጅ ናት፣ ምን አይታ።»

አቶ ዘውገ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ስነግራችሁ በእሳቸው እንድትፈርዱ አይደለም። ደንብ ያስፈልጋል፤ እኔም የእድር ሰው ነኝ፣ ድንኳን ተሸክሜያለሁ፣ ደንቡ ባይኖር አንዱ ድንኳን ለሁሉ እንደማይዳረስ አውቃለሁ። ለማጽናናት ያሉትንም እኛ ሁላችን እንለዋለን። ሕፃን ናት። ምን አየች። ምን ሠራች። ስንቴ ብላችሁታል? እኔም ብዬዋለሁ፤ እውነት እየመሰለኝ።

ድንኳኑ ተነሳ። ሰውም ቀለለ።  በእናትየዋ ሆድ ግን አንድ ጥያቄ ቀረ፣ ጥያቄው ይህ ነው። ልጄ ዕድሜዋ ትንሽ ስለሆነ፣ ልጄ ትንሽ ነገር ነበረች ማለት ነው? መጥታ ሄደች፣ አለቀ፣ ድንኳንም አልቆየላት። እንግዲያው ያ ሁሉ ምን ነበር?

በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስታልፍ መሳለም ተወች። «እግዚአብሔርን አላኮረፍኩም» ብላኛለች፣ «የምለው ነው ያጣሁት።» ከዚያ ዝውውር ጠየቀች፣ ተፈቀደላት። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ ቤቱንም ከተማውንም ትታ ልትሄድ ነው። የልጅቷን ልብሶች እንኳ ለሰው ሰጥታለች። ይዛው የምትሄደው ምንም ነገር የለም፣ ምክንያቱም ይዛው የምትሄደው ነገር እንደነበረ እርግጠኛ አይደለችም።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፣ ኋላ ስለምንፈልገው። ከአጥሩ ወዲያ ወይዘሮ ባንቹ የሚባሉ ብቸኛ ሴት ይኖራሉ። መምህርቷና ወይዘሮ ባንቹ አይነጋገሩም። ጠቡ የጣሪያ ውኃ ነው፤ የማን ውኃ በማን ግቢ ይውረድ ተባብለው ተጣሉ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጠቡ ይታደሳል። ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ውስጥም የጣሪያ ውኃ ያጣላችሁ አላችሁ፣ ስማችሁን አልጠራም። ታዲያ በሁለቱ ግቢ መካከል ያለው ቆርቆሮ አጥር ከሥሩ ዝጎ አንዲት ቀዳዳ አበጅቷል፣ ድመት የምታሾልክ። አዜብ በሕይወት ሳለች ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ እዚያ ቀዳዳ ላይ ትንበረከክና እጇን ወደ ወዲያኛው ግቢ ትሰዳለች። አንድ ነገር ታንሾካሹካለች። እናቷ ከበር ላይ «አንቺ ልጅ ተነሺ ከዚያ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል» ትላታለች። ልብሱ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል።

እንግዲህ ክፍሉ ውስጥ ነን። ልጆቹ ይሥላሉ፣ ይለካሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። ሰብለ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የኔ አይነበብም።»

«ለምን አይነበብም?»

«መስመሩ አጭር ነው። ቁጥሩ ጋ አይደርስም።»

ፕሮትራክተር አይታችኋል? ግማሽ ክብ ፕላስቲክ ነው፣ ቁጥሮቹ ዳር ዳሩን ተደርድረዋል። የሣላችሁት መስመር አጭር ከሆነ ከፕላስቲኩ ሥር ይቀራል፣ ቁጥሩ ጋ አይደርስም፤ ስለዚህ ስንት እንደሆነ አታውቁም። ማዕዘኑ አለ፣ ግን አይነበብም። ሰብለ ደግሞ ደብተሯ ሊያልቅባት ነውና ቆጥባ፣ የገጹ የላይኛው ጥግ ላይ በቀረች ባዶ ቦታ ነው የሣለችው። አንዱ መስመር በቀኝ ሄዶ ጠርዙ ጋ ቆመ። ሌላው ወደ ግራ በጣም ዘመም ብሎ ወደ ላይ ሄዶ ጠርዙ ጋ ቆመ።

መምህርቷ ከወንበሯ ሳትነሳ «ቀጥይበት» አለች። «ማስመሪያ አስጠግተሽ መስመሩን አስረዝሚው።»

«ወረቀቱ አለቀኮ ቲቸር።»

ያን ጊዜ ተነሳች። ሰብለ አጠገብ ሄዳ ማስመሪያውን በመስመሩ ላይ አስተኛች፣ እርሳሱን ከልጅቷ እጅ ተቀበለች፣ ከወረቀቱ ጠርዝ አልፋ ዴስኩ ላይ አሰመረች። እንጨቱ ላይ።

ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ምክንያቱም እዚያ ትምህርት ቤት ዴስክ ላይ መጻፍ ያስቀጣል፣ ከሁሉ አብልጣ የምትቀጣውም እሷ ናት።

«ቲቸር፣ ዴስኩ ላይ ይሣላል እንዴ?» አለች ሰብለ።

«ወረቀቱ ነው ያለቀው» አለች መምህርቷ። «መስመሩ አላለቀም።»

«ስናስረዝመው ግን ማዕዘኑ አይለወጥም?»

«አይለወጥም። አይጨምርም፣ አይቀንስም። ዱሮውንም እዚያች ጥግ ላይ ሙሉ ነበር። እኛ ነን ማንበብ ያቃተን።»

ይህን ብላ ሁለተኛውን መስመር ልታስረዝም ማስመሪያውን አዞረች። አዞረችና እጇ ቆመ።

ሰማችው። ምእመናን፣ የገዛ ድምፅዋን ሰማችው። ለስንት ዓመት ያስተማረችውን፣ ለስንት መቶ ልጅ የነገረችውን፣ ለእሷ ግን ማንም ያልነገራትን ነገር ከራሷ አፍ ሰማችው። ማዕዘን በክንዱ ርዝመት አይለካም። ዱሮውንም ሙሉ ነበር። እኛ ነን ማንበብ ያቃተን።

ሰብለ መምህርቷ ስትቆም ጊዜ ራሷ ሁለተኛውን መስመር ዴስኩ ላይ አስረዘመች። ፕሮትራክተሯን አስተካክላ አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ አነበበች። ከዚያ ቀና አለች።

«መቶ አርባ» አለች። «ቲቸር፣ የኔ ከሁሉም ይበልጣል።»

እውነቷን ነው። መምህርቷ ልጆቹን ሁሉ የለኩትን ጠየቀቻቸው፤ ከክፍሉ በሙሉ በክንዱ አጭሩ የሰብለ ነበር፣ በመከፈቱም ትልቁ የሰብለ ነበር። መምህርቷ እዚያው ዴስኩን ተደግፋ እንዳለች እንባዋ መጣ።

«አጠፋሁ እንዴ ቲቸር?» አለች ሰብለ ፈርታ።

«አላጠፋሽም ልጄ። ደግመሽ አንብቢልኝ።»

«መቶ አርባ።»

እስቲ እዚህ ላይ ከእኔ ጋር ቁሙ። አትቸኩሉ፤ ፀሐዩም ገና አልከረረም።

ከአንዲት ነጥብ ሁለት መስመሮች ተነሱ። ክንዶቻቸውን ጥፍራችሁን ያህል አድርጓቸው። መቶ አርባ ነው። አሁን ከዚህ ኮረብታ እስከ ወዲያኛው ኮረብታ ሳቧቸው። መቶ አርባ ነው። ሰማይ አድርሷቸው፣ ማታ የምታዩትን ኮከብ ይለፉት፣ ከኮከቡ ወዲያ ያለውን እኛ የማናየውን ይለፉት። ያው መቶ አርባ ነው። አልተጨመረበትም። ሰማይን የሚያቅፈው መከፈት፣ ጥፍር በምታህል ጥግ ውስጥ አንድም ሳይጎድለው ነበረ ማለት ነው። ይህን ማን አሰበው? እንዲህ ያለውን ነገር በአምስተኛ ክፍል ልጅ ደብተር ጥግ ላይ ማን አስቀመጠው? እኔ ይህን ሳስብ እፈራለሁ። ደስ እያለኝ እፈራለሁ። በየትምህርት ቤቱ በየቀኑ ይህ ድንቅ ጠመኔ ተይዞ ይሣላል፣ ደወል ሲደወል በዳስተር ይጠፋል፣ ማንም ጫማውን አያወልቅም።

ሌላም አለ። አስተማሪዎች እንዲህ ያለውን መስመር ጨረር ይሉታል። ከነጥብ ይነሳል፣ መጨረሻ የለውም። ሲሣል ግን የግድ የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ወረቀት ያልቃላ። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ጫፉ ላይ ትንሽ ቀስት ያደርጉበታል። ያቺ ቀስት ምን ማለት ናት? እዚህ የቆመው እጄ ነው እንጂ እሱ ይሄዳል ማለት ናት። መቃብራችን ላይ የምናቆመውን መስቀል ባየሁ ቁጥር ያቺን ቀስት አስባለሁ። እዚህ የቆመው መሬቱ ነው። የተኛው ሰው ይነሣል፣ ይሄዳል። ይህን አምነን አይደል እዚህ የተሰበሰብነው?

ወደ መምህርቷ ልመልሳችሁ።

ደወል ተደወለ፣ ልጆቹ ወጡ። እሷ ወደ ቤቷ ስትሄድ አንድ ነገር ማሰብ ጀመረች። ሰብለ መስመሩን ባታስረዝመው ኖሮ ማንም አያነበውም ነበር። ማዕዘኑ ይኖራል፣ ግን ማንም አያውቀውም። እንግዲያው የአዜብ መስመር ወደየት ነበር የሚሄደው? አሰበች። ትምህርት ቤት አይደለም፤ ገና ፊደል ነበር የምትቆጥረው። ሙያም አይደለም። አሰበች፣ አሰበች፤ አንድ ነገር ብቻ መጣላት። ጠዋት ጠዋት ያ ቆርቆሮ፣ ያቺ ቀዳዳ፣ ወደ ወዲያኛው ግቢ የምትሄድ ትንሽ እጅ።

በራሷ በር አልፋ ሄደች። የወይዘሮ ባንቹን በር አንኳኳች።

ወይዘሮ ባንቹ ከፈቱና አይዋት።  ከዚያ ከበሩ ገለል ብለው አሳለፏት። ሁለቱም ተቀመጡ።

«እትዬ ባንቹ» አለች መምህርቷ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። አዜብ በቀዳዳው ምን ነበር የምትልዎት?»

ወይዘሮ ባንቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ካንቺ ሰላምታ ነበር የምታመጣልኝ» አሉ። «‹እማማ ባንቹ፣ እማዬ ደህና አደሩ ወይ ብላለች› ትለኛለች። በየጠዋቱ። እኔም ‹ደህና ነኝ፣ አንቺስ ደህና አደርሽ ወይ በያት› እላታለሁ። እጄን ትስምና ትሮጣለች። አትነግርሽም ነበር?»

ትነግራት ነበር። አሁን ትዝ አላት። «እማዬ፣ እማማ ባንቹ ደህና አደርሽ ወይ ብለውሻል» ትላት ነበር ልጅቷ፣ እሷም «ዝም በይ፣ ቁርስሽን ብዪ» ትላት ነበር። ሴትዮዋ ልጄን ያባብሉብኛል እያለች ትናደድም ነበር።

ልትዋሽ ትችል ነበር። አዎ፣ እኔ ነኝ የምልካት ብትል ማን ያውቃል? ግን ከዚያ ዴስክ ተነስታ የመጣች ሴት አትዋሽም።

«እትዬ ባንቹ» አለች፣ «እኔ አንድም ቀን ልኬያት አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ባንቹ። «አንቺ እንደማትልኪ አውቃለሁ። ግን በየጠዋቱ ተቀምጬ እጠብቀው ነበር።»

ምእመናን፣ ይህን የነገረችኝ ራሷ መምህርቷ ናት። ልጅቷ ዋሸች ትሉኝ ይሆናል። ቄስ አይደለህም ወይ፣ ውሸትን ታመሰግናለህ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ያንን ጥያቄ ወዲያ ስትደርሱ ራሷን አዜብን ጠይቋት። እኔ የማውቀው ትልልቆቹ በጣሪያ ውኃ ተጣልተው ቆርቆሮ ሲያቆሙ፣ ጥርሷ በቅሎ ያላለቀላት ሕፃን ከሁለቱም ወገን ሰላምታ እየፈጠረች ታመላልስ እንደነበር ነው። ማንም አላስተማራትም። ማንም አልላካት። የላካት ሰው አይመስለኝም።

ወይዘሮ ባንቹ ሌላም ተናገሩ። «ለቅሶ ልደርስ ፈልጌ ነበር» አሉ። «በመጀመሪያው ቀን ሰው ሞልቷል፣ ምን ፊት ይዤ ልግባ፣ ጠበኛሽ ነኝ። ሰልስቱ ሲደርስ ሰው ሲቀል እገባለሁ ብዬ አደርኩ። ጠዋት ስነሳ ድንኳኑ የለም። ከዚያማ ቀረሁ። ቀዳዳዋን ልደፍናት ቆርቆሮ አስመጣሁ፣ እሱም ያው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይኸው አለ። እጄ እምቢ አለኝ።»

ያን ቀን የአዜብ ለቅሶ እንደገና ተለቀሰ። ድንኳን የለ፣ እድር የለ፣ ሁለት ሴቶች ብቻ። እዚያ ቤት ውስጥ «ሕፃን ናት፣ ምን አየች» ያለ ሰው አልነበረም። ምን እንዳየች ሁለቱም ያውቃሉ፤ እነሱ ያላዩትን ነው ያየችው።

መምህርቷ ዝውውሩን ተወችው። ያ ሊደፍን የመጣው ቆርቆሮ እንጨት ተመትቶለት፣ ማጠፊያ ገብቶለት፣ ቀዳዳዋ በነበረችበት ቦታ ትንሽ በር ሆነ። ጎንበስ ብለው ነው የሚያልፉበት። እኔም ስሄድ በዚያ በኩል አልፌያለሁ፣ ቆቤ ተነካክቶ ወድቆብኛል፤ ወይዘሮ ባንቹ ሳቁብኝ። የጣሪያው ውኃ ግን እስካሁን ያጨቃጭቃቸዋል። ሰው ናቸው እኮ። ተጨቃጭቀው በበሩ ይገባሉ።

ሰብለም ዴስኩን አልተቀጣችበትም። ዓመቱ ሲያልቅ ልጆች ዴስክ በውኃና በሳሙና ያጥባሉ፣ ልማድ ነው። እነዚያን ሁለት መስመሮች ግን መምህርቷ ተዉአቸው አለች።

አሁን ለእናንተ ልናገር።

ከመካከላችሁ ትንሽ ልጅ የቀበራችሁ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ክርስትና እንኳ ሳይነሣ፣ ስሙን ሰው ሳያውቀው። ተጽናኑ ተባላችሁ፣ ሌላ ትወልዳላችሁ ተባላችሁ፣ ዝም አላችሁ። ዛሬ በዚህ ሕዝብ ፊት እነግራችኋለሁ። ትንሽ አልነበረም። ዕድሜው ነው ትንሽ የነበረው። ሙሉ ሆኖ መጣ፣ ሙሉ ሆኖ ሄደ። እኛ ፕሮትራክተራችን አልደረሰለትም እንጂ የሠራው ያነበዋል።

ወንድሙን በወጣትነቱ ያጣ አለ። ባሏ ቤቱን ጀምሮላት ጣሪያ ሳያለብስ የሞተባት አለች። ከሐኪም ጊዜህ አጭር ነው የተባለም ከመካከላችን አለ፤ ይሰማኛል። አንተ ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስንት ጊዜ ቀረኝ የሚለውን ተወው። ለማን ልከፈት በል። አንዲት ሳምንት ብትሆን መቶ አርባ ትይዛለች።

እኛ ሽማግሌዎች ደግሞ አንኩራ። ብዙ ዘመን ኖርን እንላለን። ስንቶቻችን ነን ክንዳችን ከዚህ እስከ ደብረ ብርሃን ተስቦ፣ መሐሉ ግን አንድ ጎረቤት የማያስገባ? ዕድሜያችንን ሰው ያደንቃል። እግዚአብሔር የሚያየው ምን ያህል እንደተከፈትን ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሰው «አባ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት» ሲለኝ አሜን እላለሁ፣ ግን ትንሽ እደነግጣለሁ።

እና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ በዚህ እንለያይ። የሞተባችሁ ሰው መስመሩ ወደየት ነበር የሚሄደው? ቁጭ ብላችሁ አስቡ። እናታችሁ የማን ቤት ነበር የምትጠይቀው? ወንድማችሁ ከማን ሊታረቅ ሲያስብ ነበር ሞት የቀደመው? ልጃችሁ እጁን በየትኛው ቀዳዳ ነበር የሚሰደው? እናንተ «ተነሣ ከዚያ» ያላችሁት የትኛው ላይ ነበር? ስለ እነሱ ማልቀስ ይገባል፣ አልቅሱ። ካለቀሳችሁ በኋላ ግን ማስመሪያውን አንሡ። ወረቀቱን አልፋችሁ ዴስኩ ላይ አስምሩ። ያልተፈቀደ ቦታ ቢሆንም አስምሩ።

አሁን ወደየቤታችሁ ልትሄዱ ነው። ዛሬ በራሳችሁ በር አትግቡ። መጀመሪያ አልፋችሁት ወደዚያኛው በር ሂዱ። ሲከፈትላችሁ ምን እንደምትሉ ካጣችሁ፣ አዜብ የምትለውን በሉ። ደህና አደሩ ወይ በሉ።

በጥግ ያለውን ሁሉ ለሚያነብ ለእርሱ ምስጋና ይድረሰው፤ እናንተም አሜን በሉና በሰላም ግቡ።